የለገደንቢ ወርቅና የሻኪሶ አቤቱታ

ሻኪሶ ሲባል ወርቅ ነው ትዝ የሚላችሁ አይደል? እስቲ አንድ ጥያቄ፦ የሻኪሶ ሰው ስለዚህ ወርቅ አቤት ልበል ቢል የየትኛውን መንግሥት በር ያንኳኳል?

በንጉሡ ዘመን ነገሩ ቀላል ነበር። የአዶላ ወርቅ የመንግሥት ነው፤ ከቆፋሪዎቹ መካከል እስረኞች ነበሩበት። አለቀ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሲመጣ ግን በሩ በዛ። ለባህላዊ ወርቅ አምራቾች ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው፤ ለትልቁ ማዕድን ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ሚኒስቴር። በአንቀጽ 98 መሠረት የትልልቅ ማዕድን ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራሉና የክልሎች የጋራ ነው። ወረዳውስ? አንቀጹ ውስጥ ስሙ የለም። ከብቱ የታመመበት የጉጂ አርብቶ አደር ግን መጀመሪያ የሚሄደው እዚያው ወረዳ ነው!

ለገደንቢ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሚድሮክ ተሸጠ። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለ10 ዓመት ሲታደስ ሻኪሶ አደባባይ ወጣች፤ ነዋሪው «ኬሚካሉ ልጆቻችንንና ከብቶቻችንን ጎዳ» አለ። ግንቦት ላይ ሚኒስቴሩ ፈቃዱን አገደ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ መለሰለት። ወረዳው ያኔም ሰጪም ነሺም አልነበረም።