ሳይቃጠል በቅጠል፦ የልብስ ማድረቂያውና የሱፍ ቀለበቱ ታሪክ

ታሪክ ጸሐፊዎች ለእሳትና ለመንኰራኩር ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። በሁለቱ መካከል ቆሞ አንዱ ሌላውን እንዳይበላው ስለሚጠብቀው ነገር ግን የጻፈ ጥቂት ነው። ዛሬ ላነሣው የወደድሁት ይህንኑ የተረሳ ዘበኛ ነው፤ በቤት ውስጥ የልብስ ማድረቂያ ማሽን፣ በሚሽከረከረው የብረት ከበሮ ዳር ላይ ተለጥፎ የሚኖረውን የሱፍ ቀለበት። ውድ አንባቢያን፣ «ደግሞ እርሱ ምን ታሪክ አለው?» ብላችሁ ፊታችሁን ከማዞራችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። ይህ ቀለበት ከማሽኑ ከራሱ በሺህ ዓመታት የሚበልጥ ታሪክ አለው።

በሀገራችን ልብስ ማድረቅ የፀሐይ ሥራ ነው። ወንዝ ዳር የታጠበ ነጠላ ሣር ላይ ወይም ቁጥቋጦ ላይ ይሰጣል፤ ፀሐይና ነፋስ የቀረውን ይጨርሱታል። ፀሐይ በምትሰስትበት አገር ግን ልብስ የሚደርቀው በእሳት ነው፤ እሳት ደግሞ እንደ ፀሐይ ርቀቱን ጠብቆ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ ፖሾን የተባለ ፈረንሳዊ ዙሪያውን የተበሳ የብረት በርሜል ሠርቶ፣ እርጥብ ልብስ ከትቶበት፣ ከእሳት በላይ በእጅ ያሽከረክረው እንደ ነበር ይተረካል። ልብሱ እንደ ቡና ይታመስ ነበር ማለት ነው። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ ነገር ግን ቀዳዳው ሙቀቱን እንደሚያስገባ ሁሉ ጢሱንም ያስገባል፤ አንዳንዴም ነበልባሉን። የማድረቂያ ታሪክ ከዚያ ወዲህ የዚህ የአንድ እንቆቅልሽ ታሪክ ነው። ሙቀቱን አቅርቦ እሳቱን ማራቅ እንዴት ይቻላል?

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከአሜሪካ ነበር። በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ ይኖር የነበረ ጆርጅ ሳምፕሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 1892 በቁጥር 476,416 የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጠው። ባርነት በሕግ ከተሻረ ገና 27 ዓመቱ ነበር። የሳምፕሰን ሥራ ከበሮ የለውም። ልብስን ወደ ምድጃ አስጠግቶ የሚያንጠለጥል፣ ሥራው ሲያበቃ ተነሥቶ ጥግ የሚቀመጥ ቆጥ መሳይ ነገር ነው። ልብሱ እሳቱን ሳይነካ በሙቀቱ እንዲደርቅ የሚያደርግ፣ በልክ የተቀመጠ ርቀት ነው ብንል ያስኬዳል። ሆኖም በክፍት ምድጃና በልብሱ መካከል ከአየር በቀር የሚከልል ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው መልስ ከሰሜን ዳኮታ ተነሣ። የዚያ አገር ብርድ እንደኛ ክረምት ዝናብ ብቻ አይደለም፤ በገመድ የተሰጣ ሸሚዝ እንደ ሰሌዳ ደርቆ ቀጥ የሚልበት በረዶ ነው። ሮስ ሙር የተባለ ሰው ከዚህ ብርድ ለመገላገል ብዙ ዓመት ደክሞ፣ በኤሌክትሪክና በጋዝ የሚሠራ ባለ ከበሮ ማድረቂያ ነደፈ። በዊስኮንሰን ግዛት በቱ ሪቨርስ ከተማ የሚገኘው የሃሚልተን ፋብሪካም ንድፉን ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በ1938 «የሰኔ ቀን» ብሎ ለገበያ አወጣው። በእነርሱ አገር ሰኔ የፀሐይ ወር ነውና ስሙ «በጋህን ቤትህ አስገባ» እንደ ማለት ነበር። ብሩክስ ስቲቨንስ የተባለው ዕውቅ ንድፍ አውጪ ደግሞ በሩ ላይ መስኮት እንዲደረግለት መከረ፤ ያለ መስኮት ይህ ተራ የቆርቆሮ ሣጥን ነው፣ ሰው ውስጡን አይቶ ሲገረም ነው የሚገዛው በሚል ምክንያት።

የታሪክ መጻሕፍት እዚህ ላይ ያበቃሉ። ከበሮውን ያዞረውን፣ መስኮቱን ያስገባውን በስም ይጠራሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን በመስኮቱ የማይታየው ነው።

የዛሬው ማድረቂያ በሣጥን ውስጥ የተዘጋ ነፋስ ነው። ማራገቢያው አየር ይስባል፤ አየሩ በማሞቂያው በኩል አልፎ ወደ ከበሮው ይገባል፤ የልብሱን እርጥበት ተሸክሞ በማጣሪያው ያልፍና በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። ከበሮው ይዞራል፤ የሣጥኑ ግድግዳ ግን አይንቀሳቀስም። በሚዞረውና በቆመው መካከል የግድ ክፍተት ይኖራል። ክፍተቱ ካልተደፈነ ማራገቢያው ያልሞቀ አየር በዚያ ይስባል፤ ልብሱም ሳይደርቅ ይውላል። የጨርቅ ብናኝ ከከበሮው ሾልኮ ማሞቂያውና ሞተሩ ወዳሉበት የሣጥኑ ሆድ ይገባል። በብረት ቢደፈን ብረት ብረትን ይፍቃል። የሚያስፈልገው የሚያሽግ ግን የማያንቅ፣ የሚነካ ግን የማይቧጭር ነገር ነው። መሐንዲሶች ይህን ሲፈልጉ የደረሱበት አዲስ ግኝት አልነበረም፤ የእረኞች ጨርቅ ነበር።

ያም ጨርቅ ፌልት ይባላል። በአገራችን መንዞች ከበግ ጸጉር የሚሠሩትን ባና የማያውቅ የለም፤ ባና ግን ተፈትሎና ተሸምኖ ነው። ፌልት አይፈተልም፣ አይሸመንም። የበግ ጸጉር በዓይን በማይታይ ቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ በሙቅ ውኃ ረጥቦ ሲታሽና ሲረገጥ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ አንዴ ከተያያዙም አይላቀቁም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። በፌልት ግን ድርም ማግም የለም፤ ያበረው ጸጉሩ ራሱ ነው።

ዕድሜውን ልንገራችሁ። በሳይቤሪያ ደቡብ በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በተባለ ስፍራ፣ ሰርጌይ ሩዴንኮ የተባለ የሶቪየት አርኪዮሎጂስት በበረዶ ውስጥ የተጠበቁ የመኳንንት መቃብሮችን ሲቈፍር፣ በቀለም ያጌጡ የፌልት ምንጣፎችና መጋረጃዎች አገኘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛውና በሦስተኛው ምዕተ ዓመት መካከል የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬም በሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ሙዚየም ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ አመድ በተቀበረችው በፖምፔይ ከተማም በአንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ፌልት ሠሪዎች ሥራቸውን ሲሠሩ የሚያሳይ ሥዕል ተገኝቷል። ከሁሉ የደነቀኝ ግን የቃሉ ነገር ነው። ዛሬ «ፊልተር» የምንለው ማጣሪያ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከፌልት ነው፤ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ፈሳሽ ነገር የሚያጠሉት በፌልት ነበርና። እንግዲህ ብናኙን የሚይዘው ማጣሪያና ክፍተቱን የሚደፍነው ቀለበት፣ ሁለቱ የማሽኑ ዘበኞች፣ በስም ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው።

ይህን ታሪክ እንድከታተል ያደረገኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ጋቢ ነው። አክስቴ ከአዲስ አበባ እኔ ወደምኖርበት ወደ አሜሪካ ሲመጡ በሸማኔ አሠርተው ያመጡልኝ ጋቢ አንድ ቀን ከማድረቂያው ሲወጣ ዳሩ ላይ ጥቁር መስመር ተሰምሮበት፣ ጥለቱም ተመዝዞ ተገኘ። አክስቴ ጋቢውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩና «ልጄ፣ ይህ ማሽን ጥርስ አለው እንዴ?» አሉኝ። እውነትም ጥርስ አውጥቶ ነበር። የኋላው የሱፍ ቀለበት ሳስቶ፣ ከፊሉም ተቀድዶ፣ በከበሮውና በግድግዳው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል፤ የልብስ ጫፍ እየገባ የሚነከሰው እዚያ ነው።

በባንክ መስኮት ጀርባ የምውል ሰው ነኝና ሒሳብ አይለቀኝም። ከበሮው በደቂቃ 50 ጊዜ ያህል ይዞራል። አንድ ዙር ልብስ 40 ደቂቃ ቢፈጅ 2,000 ዙር ነው። በሳምንት አምስት ጊዜ ለሚያደርቅ ቤተሰብ በዓመት 520,000 ዙር ይሆናል። ይህን ሁሉ ዙር እየተፋተገ የሚሸከም ሱፍ ቢሳሳ ምን ይፈረድበታል? ወዳጆቼ «ሌላ ማሽን ግዛ» ቢሉኝም፣ የቀለበቱ ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነበር።

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አልጠየቀም። በመጀመሪያ ማሽኑን ከሶኬት መንቀል ነው፤ እዚህ አገር የማድረቂያ መስመር 240 ቮልት ነውና ቀልድ አያውቅም። በጋዝ የሚሠራ ቢሆን ጋዙም ይዘጋል። የላይኛውን ክዳንና የፊት ገጹን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታሁ፤ የበሩን ሽቦ ከመንቀሌ በፊት አቀማመጡን ፎቶ አነሣሁ፤ ቺንጋውን ከሞተሩ ላይ አላቅቄ ከበሮውን በሁለት እጄ አወጣሁት። አሮጌውን ሱፍ ልጬ፣ የደረቀውን ሙጫ ፍቄ፣ ዳሩን አጽድቼ፣ አዲሱን ቀለበት እንዳይጠማዘዝ ዙሪያውን እኩል ወጥሬ ሙቀት በሚችል ማጣበቂያ ለጠፍሁት፤ በልብስ መቆንጠጫ አስይዤም አሳደርሁት። በማግስቱ ከበሮውን መልሼ ሞተሩን ከማስነሣቴ በፊት በእጄ አዞርሁት፤ ሱፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ከቀረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውና።

ሳልነግራችሁ የማላልፈው ግን ከበሮው ሲወጣ ያየሁትን ነው። የሣጥኑ ሆድ፣ ማሞቂያው አጠገብ ሳይቀር፣ በግራጫ ብናኝ ተነጥፎ ነበር። ከዚያ ብናኝ ውስጥ የጋቢዬ ጥጥም አለበት። ደረቅ ጥጥ በእሳት አጠገብ! የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ባወጣው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት በመኖሪያ ቤቶች በየዓመቱ ወደ 2,900 የሚጠጉ የማድረቂያ ቃጠሎዎች ደርሰዋል፤ በዓመት በአማካይ 5 ሰዎች ሞተዋል፣ 100 ያህል ቆስለዋል። ከመንስኤዎቹ ቀዳሚው፣ 34 በመቶ ድርሻ ያለው፣ ማሽኑን አለማጽዳት ነው። ብዙ ሰው ማጣሪያውን ሲያራግፍ ያጸዳ ይመስለዋል፤ ቀለበቱ ሲያልቅ ግን ብናኙ ማጣሪያው ዘንድ ሳይደርስ በጓሮ ይሾልካል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ማድረቂያችሁ እንደ ወትሮው ካላደረቀ፣ ሲዞር ካፏጨ ወይም ካንኳኳ፣ ልብስ ላይ ጥቁር መስመር ከተወ፣ ሆዱን የማየት ጊዜ ደርሷል።

እንግዲህ የፖሾን እንቆቅልሽ የተፈታው በ1938 ነው ማለት አልችልም። እሳቱን ከልብስ ያራቀው ሞተሩ ወይም መስኮቱ ብቻ አይደለም፤ በመካከላቸው እያለቀ የሚያገለግለው ሱፍም ነው። ሱፉ ስለሚያልቅም መፍትሔው አንድ ጊዜ ተገኝቶ የሚዘጋ መዝገብ ሳይሆን፣ በየቤቱ፣ በየጊዜው የሚታደስ ውል ነው። የፈጣሪዎችን ስም ታሪክ ጽፎታል። ውሉን የሚያድሱት ግን ካቻቢቴ ይዘው የሚንበረከኩ፣ ስማቸው የትም የማይጻፍ ሰዎች ናቸው። ለእነርሱ ይህችን አራት ስንኝ አበረክታለሁ፦

ከበሮው ሲዞር ሁሉም ያየዋል፤
ዳሩን የያዘውን ማን ያወሳዋል?
ያ ሱፍ ሲያልቅ ነው የሚታወቀው፣
ቤቱን ከእሳት ማን እንደ ጠበቀው።

ቸር ይግጠመን!