የቡድን ስልት (በረጅም ርቀት ሩጫ)

የአንድ አገር ሯጮች ለየግል ሜዳሊያ እየተፎካከሩም ቢሆን ተጋግዘው የሚሮጡበት ዘዴ ነው። መሪነቱን እየተፈራረቁ ፍጥነቱን ከፍ ያደርጋሉ፤ በመሐል ድንገት እየተፈተለኩ የተቀናቃኞቻቸውን ጉልበት ይጨርሳሉ። በመጨረሻው ዙር ግን ሁሉም ለየራሱ ይሮጣል።

እ.ኤ.አ. በ1980 የሞስኮ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ የፊንላንድ ሯጮችን በዚህ ስልት ገጠሟቸው። ምሩጽ ወርቅ፣ መሐመድ ነሐስ አገኙ፤ ቶሎሳ 4ኛ ወጣ።

የስልቱ ሥነ ምግባር ይበልጥ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ነው። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን፣ በጉዳት ላይ የነበረው አንጋፋው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወደ ኋላ ሲቀር ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠበቁት። ሊደርስባቸው እንዳልቻለ ሲታወቅ ቀነኒሳ ተፈትልኮ በ27 ደቂቃ ከ5.10 ሰከንድ አሸነፈ፤ ስለሺ 2ኛ፣ ኃይሌ 5ኛ ሆኑ።

በመኪና እሽቅድምድም ግን ስልቱ ብዙ ጊዜ የቡድን ትእዛዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የኦስትሪያ ግራንድ ፕሪ አሽከርካሪው ሩቤንስ ባሪኬሎ በቡድኑ በፌራሪ ትእዛዝ በመጨረሻው መስመር ላይ ድሉን ለቡድን ጓደኛው ለሚካኤል ሹማኸር ለቀቀ። ተመልካቹ ተቆጣ፤ በፎርሙላ ዋንም እንዲህ ያለው ትእዛዝ ከ2003 እስከ 2010 ተከለከለ። የአቴንሱ ግን ለአንጋፋ የተሰጠ ክብር ነበር፤ አሸናፊውንም የለየው ሩጫው ራሱ ነው።