ከኬንያ የመጣው ወንጌላዊና የናይሮቢ ወጣቶቻችን

ስለ ማኅበራችን አመሠራረት፣ ስለ እድራችንና ስለ እግር ኳስ ቡድናችን በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ሌሎች ወገኖች ጽፈዋል። ለእኛ የደረሰን ድርሻ የወጣቶቻችን የእምነት ጉዞ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንጠይቃለን።

በናይሮቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አማኝ እምነቱን ከአገሩ ተሸክሞ እንደመጣ ይናገራል። እውነት ነው። ሆኖም ከዚያ በፊት አንድ ብድር አለብን። ኬንያ ነጻነቷን ባገኘችበት በ1963 አካባቢ ቻቻ ኦማሄ የሚባል ኬንያዊ ወንጌላዊ ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የሰበከው በ1951 ወደ ኢትዮጵያ በገቡት የፊንላንድ ሚሲዮናውያን ቤት ሲሆን፣ የሰሙት አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። የአዋሳው የስዊድን ፊላደልፊያ ሚሽንም በክረምት ተማሪዎችን እየሰበሰበ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምር ነበር። ናዝሬት ደግሞ የአፄ ገላውዴዎስ ተማሪዎች እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል ወደ ሜኖናይት ሚሲዮናውያን ሄዱ። የንባብ መጽሐፋቸው የዮሐንስ ወንጌል ሆነና ለቋንቋ የሄደው ልጅ ክርስቶስን ይዞ ተመለሰ። «የሰማይ ብርሃን» እየተባለ የተጠራው ስብስብ የበቀለው ከዚያ ነው።

በኋላ «መጤ ሃይማኖት» የሚለው ስም ሲለጠፍባቸው ይህ ሁሉ ይረሳ ነበር። ሥራውን ዳር ያደረሱት ፈረንጆቹ ሳይሆኑ ከሃያ ዓመት ብዙም ያልዘለሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሙሉ ወንጌልን ያቋቋሙት እነርሱ፣ በ1967 ለመንግሥት የምዝገባ ማመልከቻ ያስገቡትም እነርሱ፣ ተከልክለው በየቤቱ የተሰበሰቡትም እነርሱ ነበሩ። በ1972 አዲስ አበባ ውስጥ ለአምልኮ እንደተሰበሰቡ ከሁለት መቶ በላይ የሚሆኑት ታስረዋል።

በኦርቶዶክሱም ወገን ቢሆን ነገሩ ከተማሪ አይርቅም። ሃይማኖተ አበው በ1950ዎቹ መጨረሻ የተማሪዎች ማኅበር ሆኖ ነው የተነሣው። የማኅበረ ቅዱሳን ታሪክም በ1991 ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ ከዘመቱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር የተያያዘ ነው። ማኅበራችን የሁለቱም ወገን ልጆች ቤት ስለሆነ አንዱን ጽፈን ሌላውን ብንተው ትዝብት ላይ እንወድቃለን።

ወደ ናይሮቢ እንመለስ። በመሃል ከተማው በኬንያታ የስብሰባ አዳራሽ በ1975 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ፣ በ1976 ደግሞ የመላው አፍሪካ ክርስቲያን መሪዎች ጉባኤ ተካሄደ። በዚያው በ1976 ግብጻዊው ጳጳስ አቡነ አንቶንዮስ ማርቆስ ለአፍሪካ ጉዳይ ተሾመው መቀመጫቸውን እዚሁ አደረጉ። እኚህ አባት ከዚያ በፊት ለዓመታት በኢትዮጵያ በሐኪምነት ያገለገሉ ናቸው። በአገራችን ግን ወቅቱ ሌላ ነበር። ሙሉ ወንጌል ተዘግታ፣ ቀይ ሽብር ወጣቱን እያሳደደ ነበር፤ በ1982 መሠረተ ክርስቶስም ተዘጋች። በሞያሌ በኩል የተሻገረው ወጣት የያዘው ቢበዛ ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስና የመዝሙር ካሴት ነው። የተስፋዬ ጋቢሶን ዜማ እየሰማ ሌሊቱን የሚያነጋ ስንት ነበር!

ከ1991 በኋላ የመጣው ወጣት መከራው በዓይነቱ ይለያል። ካኩማ በ1992 ከተከፈተ ወዲህ ስደተኛ ካምፕ ይቀመጥ ተባለ፤ ከተማ የቀረው «ኪታምቡሊሾ የት አለ?» ለሚል ፖሊስ ተጋለጠ። ሪቨር ሮድን በፍርሃት የሚያቋርጥ፣ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድበትን ቀን ሲጠብቅ ወጣትነቱ ያለቀ ልጅ ለጸሎት የሚመጣው ለነፍሱ ብቻ አይደለም። ማን ታሰረ፣ ማን አለፈለት፣ ማን ሳይበላ አደረ የሚለው የሚሰማው እዚያ ነበር። ይህን እንደ ጥቅም ፍለጋ ያዩት ሰዎች አሉ። እኛ ግን ኅብረት ማለት ሌላ ምን እንደሆነ አናውቅም።

አሁን ያለብን ጥያቄ የቋንቋ ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን እርስ በርስ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ይጫወታሉ፤ የአማርኛውን ስብከት ግማሹን ይጥሉታል። ይህ ዕጣ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1877 ሳን ፍራንሲስኮ የነበሩ ጃፓናውያን ወጣቶች የወንጌል ማኅበር አቋቁመው እንግሊዝኛና መጽሐፍ ቅዱስ አብረው ተማሩ፤ ልክ እንደ ናዝሬቶቹ መሆኑ ነው። ልጆቻቸው ሲያድጉ ግን በአሜሪካ የነበሩት የጃፓን አብያተ ክርስቲያናት ለወላጅ በጃፓንኛ፣ ለልጅ በእንግሊዝኛ ሁለት አገልግሎት ወደ ማድረግ ሄዱ።

በእኛም ዘንድ ክርክሩ ከርሯል። አንዳንድ ወላጅ «አማርኛው ከጠፋ ልጄ ጠፋ» ይላል። ልጁ በበኩሉ «ያልገባኝን እንዴት አሜን ልበል?» ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም ባይ ነን። ይሁንና ቻቻ ኦማሄን የሰሙት ተማሪዎች የውጭ አገር ሰው ከመስማት አልተከለከሉም፤ አማርኛቸውም አልጠፋም፤ እንዲያውም ዛሬ የምንዘምረውን የአማርኛ መዝሙር ያቆዩልን እነርሱና ተከታዮቻቸው ናቸው። ስለዚህ ለወጣቶቹ የእንግሊዝኛ ጥናት ሲጠየቅ ደግፈናል። የአማርኛውን መዝሙር በላቲን ፊደል ገልብጠው ይዘምሩታል። «ጸ»ና «ጠ» ላይ ይቸገራሉ፤ እናቶች ከኋላ ሆነው ያርሟቸዋል።