ብርሃን በውሃ ውስጥ፦ ከቶለሚ የነሐስ ሰሌዳ እስከ ፉኮ መስታወት

ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ሁለት ነገር ይደርስበታል፤ ዘንበል ብሎ ከገባ አቅጣጫው ይታጠፋል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። መታጠፉን ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲያየው ኖሯል። ውሃ ውስጥ የተነከረ ዘንግ የተሰበረ ይመስላል፤ በሳህን ጠርዝ ተከልሎ የማይታይ ሳንቲምም ውሃ ሲጨመርበት ብቅ ይላል። የፍጥነቱ መቀነስ ግን እንዲሁ በዓይን የሚታይ አይደለም። ስለዚህ መታጠፉ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሲለካ፣ የፍጥነቱ ነገር እስከ 1850 ድረስ ሲያከራክር ቆየ። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ልኬት የእስክንድርያው ሊቅ የቀላውዲዎስ ቶለሚ ነው። ቶለሚ በይበልጥ የሚታወቀው በሥነ ፈለክ ሥራው ቢሆንም ስለ እይታ የጻፈው መጽሐፍም አለው። ለሙከራው ክብ የነሐስ ሰሌዳ አዘጋጅቶ ዙሪያውን በ360 ዲግሪ ከፋፈለው፤ ከዚያም ግማሹን ውሃ ውስጥ አጥልቆ ቀጥ አድርጎ አቆመው። አንድ ምልክት በሰሌዳው መካከል፣ ሌላ ምልክት ደግሞ ከውሃው በላይ ባለው ጠርዝ ላይ አደረገ። በሁለቱ ምልክቶች አቅጣጫ በአንድ ዓይኑ እያየ፣ ሦስተኛውን ምልክት ውሃ ውስጥ ባለው ጠርዝ ላይ ቀስ በቀስ አንቀሳቀሰው። ሦስቱም በአንድ መስመር የተሰለፉ ሲመስሉ ማዕዘኑን አነበበ።

ውጤቱን በሠንጠረዥ አስቀምጦታል። ለውሃው ገጽ ቀጤ ነክ ከሆነው መስመር 10 ዲግሪ ያዘነበለው ጨረር ውሃ ውስጥ 8 ዲግሪ ይሆናል፤ የ30 ዲግሪው 22.5፣ የ60 ዲግሪው 40.5፣ የ80 ዲግሪው ደግሞ 50። የዛሬው ስሌት ለ60 ዲግሪ ያንኑ 40.5 ይሰጣል፤ ለ80 ዲግሪ ግን 47.6 ገደማ ነው። ቁጥሮቹን በተርታ ላያቸው ሌላም ነገር ጎልቶ ይወጣል። ከአንዱ 10 ዲግሪ ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ ጭማሪው 7.5፣ 7፣ 6.5፣ 6 እያለ ሁልጊዜ በግማሽ ዲግሪ ይቀንሳል። በእጅ የተለካ ነገር እንዲህ ሥርዓት ይዞ አይገኝም፤ ቶለሚ ልኬቱን አስቀድሞ ካሰበው የቁጥር ሕግ ጋር ያስማማው ይመስላል። ያም ሆኖ ሥራው ትልቅ ነው። ከጥንቱ ዓለም ከተረፉልን ጽሑፎች መካከል መሣሪያውን፣ አሠራሩንና ውጤቱን አንድ ላይ የሚያስረዳ ሙከራ እጅግ ጥቂት ነው። የግሪክኛው መጽሐፍም ሆነ የዓረብኛው ትርጉም ጠፍተዋል፤ ለእኛ የደረሰው በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሲሲሊ ከዓረብኛ ወደ ላቲን የተመለሰው ነው።

ቶለሚ የፈለገውን ሕግ በ984 አካባቢ በባግዳድ የነበረው ኢብን ሳህል አገኘው። የፀሐይን ጨረር አንድ ቦታ ሰብስቦ የሚያቃጥል ምስር ለመንደፍ ሲሠራ፣ የሁለት መስመሮች ርዝመት ንጽጽር ማዕዘኑ ቢለዋወጥም እንደማይለወጥ በሥዕል አሳየ። ጽሑፉ ተበታትኖ ስለቀረ ዋጋው የታወቀው በ1990 የታሪክ ተመራማሪው ሩሽዲ ራሺድ ሲያጠናው ነው። በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብን አል ሃይሠም ደግሞ ብርሃን በውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ እንደሚዘገይ ጻፈ። የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም፤ አሳቡ ግን ትክክል ነበር።

በአውሮፓ ያው ሕግ እንደገና ተገኘ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪዮት በ1602 ገደማ፣ ሆላንዳዊው ቪሌብሮርድ ስኔል በ1621 ደረሱበት፤ ሁለቱም ግን ሳያሳትሙት ሞቱ። ያሳተመው በ1637 ሬኔ ዴካርት ነው። የመግቢያው ማዕዘን ሳይን በውሃው ማዕዘን ሳይን ሲካፈል ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ለውሃ 1.33 ይሆናል።

በሕጉ ላይ ስምምነት ሲገኝ በምክንያቱ ላይ ጠብ ተነሣ። የዴካርት ማስረጃ ብርሃን ጥቅጥቅ ባለ ነገር ውስጥ ይበልጥ እንደሚፈጥን ያስቀምጣል። ፒየር ደ ፌርማ ግን በ1662 ብርሃን አጭር ጊዜ የሚወስደውን መንገድ ይመርጣል፣ በውሃም ይዘገያል ብሎ ተነሣና ስሌቱ ያንኑ ሕግ ሰጠው። ተቃራኒ ከሆኑ ሁለት መነሻዎች አንድ ሕግ ስለወጣ ማዕዘን በመለካት ብቻ አሸናፊውን መለየት አልተቻለም። በ1690 ክርስቲያን ሆይገንስ ብርሃን ሞገድ ነው፣ በውሃ ይዘገያል አለ፤ አይዛክ ኒውተን ደግሞ በ1704 ባሳተመው መጽሐፉ ውሃ የብርሃንን ቅንጣቶች ስቦ ያፈጥናቸዋል የሚለውን ወገን ያዘ። የኒውተን ስም ከባድ ስለነበር ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቋጭ ቆየ።

መቋጫውን በ1838 ያቀደው ፈረንሳዊው ፍራንሷ አራጎ ነው። በፍጥነት የሚሽከረከር መስታወት ቢሠራ በአየርና በውሃ የሄዱትን ጨረሮች ማወዳደር ይቻላል አለ፤ ነገር ግን ሙከራውን ሳይፈጽም የዓይኑ ብርሃን ደከመ። ሥራውን ሁለት ወጣቶች ተረከቡት፤ ቀድሞ አብረው ይሠሩ የነበሩት ሊዮን ፉኮና ኢፖሊት ፊዞ፣ አሁን በየፊናቸው። ፉኮ ትንሿን መስታወት በእንፋሎት ተርባይን በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ዙር አሽከረከራት። አንዱን ጨረር በአየር፣ ሌላውን ውሃ በተሞላ 3 ሜትር ቱቦ አሳልፎ ወደ መስታወቷ መለሰው። ጨረሩ ደርሶ እስኪመለስ መስታወቷ ጥቂት ስለምትዞር ምስሉ ከቦታው ፈቀቅ ይላል፤ የዘገየው ይበልጥ ይርቃል። በእንዲህ ያለ ቱቦ በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ከሰከንድ ቢሊዮንኛ 7 ያህሉ ብቻ ነው። በውሃው ያለፈው ምስል አረንጓዴ ስለሚል በቀላሉ ይለያል፤ ይበልጥ ርቆ የታየውም እርሱ ነበር። ውጤቱ በግንቦት 1850 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ቀረበ፤ ከሳምንታት በኋላ ፊዞም ያንኑ አረጋገጠ።

ዛሬ በውሃ ውስጥ የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 225,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ይታወቃል፤ በአየር ወደ 300,000 ይጠጋል። በውሃ ውስጥ ከብርሃን ቀድሞ የሚሮጥ ቅንጣት ሊኖር የሚችለውም በዚሁ መዘግየት ምክንያት ነው። በ1934 ሶቪየታዊው ፓቬል ቼሬንኮቭ ጨረራ በሚያልፍበት ፈሳሽ ውስጥ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ብርሃን አስተዋለ፤ ኢጎር ታምና ኢሊያ ፍራንክ በ1937 ምንጩ እንዲህ ያሉ ፈጣን ቅንጣቶች መሆናቸውን አስረዱ። ሦስቱ በ1958 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1996 ሥራ የጀመረው የጃፓኑ የቅንጣት መመልከቻ ሱፐር ካሚዮካንዴም ኒውትሪኖ የተባሉትን ጥቃቅን ቅንጣቶች የሚያድነው በ50,000 ቶን ንጹህ ውሃ ውስጥ ይህን ብርሃን በመጠበቅ ነው።