የባሮ ወደብ ቤቶች ዜና

በ1894 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ግንቦት 7 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት መልክተኛ ከጆን ሌን ሃሪንግተን ጋር ስለ ሱዳን ወሰን በአዲስ አበባ ተዋዋሉ። በውሉም አራተኛ አንቀጽ፣ በኢታንግ አጠገብ በባሮ ወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ ይሰጥ ዘንድ ፈቀዱ። ነገር ግን ብልህ ንጉሥ ነበሩና ሁለት ልጓም አገቡበት። ቦታው ለፖለቲካም ለጦርም ሥራ እንዳይውል፤ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና።

ኢታንግ ግን ክረምት ሲገባ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ነውና፣ ከዚያ ወደ ላይ ያለው የጋምቤላ ዳርቻ ተመረጠ። አገሩ የአኝዋክ ነው፤ ወንዙንም ኦፔኖ ይሉታል። ከ1899 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወደቡ ሥራ ያዘ። ከካርቱም የተነሣው የእንፋሎት መርከብ ነጭ ዓባይንና ሶባትን ተከትሎ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ ይመጣ ነበር። ጨውና አቡጀዲ አራግፎ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭኖ ይመለሳል።

ይህም ሁሉ በክረምት ነው። በበጋ ውሃው ሲጎድል መርከብ አይደርስምና ከጎሬና ከሳዮ በበቅሎና በሰው ትከሻ ቆላ የወረደው ቡና ባሮ እስኪሞላ ድረስ ይቆያል፤ ከካርቱም የመጣው ጨውም ወደ ደጋ የሚወጣበትን ቀን ይጠብቃል። ግሪክና ሶርያዊ ነጋዴ፣ የጉምሩክ ሹምና ተሸካሚም አብረው ይጠብቃሉ። እንግዲህ በወንዙ ዳር መጋዘንና ማደሪያ የቆመው ለጌጥ አልነበረም፤ ወንዙ ራሱ ያስገደደው ነው።

በዚያው ሰሞን እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ከፈቱ። መኳንንቱ ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላትን ነውር አድርገውት ነበርና፣ ንጉሡ ራሳቸው ይዘዋቸው ገብተው እንዳለማመዷቸው ይነገራል። በጋምቤላ ግን እንግዳን በኪራይ ማሳደር ከንግዱ ጋር የመጣ ነገር ስለሆነ ማንም አልተደነቀበትም።

ከዚህ በኋላ ኢጣልያ አገር ወረረ፤ ጋምቤላንም ያዘ። በ1933 ዓ.ም. ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር በጋምቤላ በኩል ወደ ሳዮ ወጣ፤ የኢጣልያው ጄኔራል ጋዜራም በሰኔ ማለቂያ እዚያው እጁን ሰጠ። ሱዳንም ነጻ ስትወጣ የምኒልክ ልጓም ሠራ፤ ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ወደቡ ያለ አንዲት ጥይት ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ንግዱ ግን ከጊዜ በኋላ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ መንገድ አዞረ፤ የወንዙም ዳር ፈዘዘ።

ዛሬ የወደቡን ቅሪት አይቶ «የእንግሊዝ ትርፍራፊ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አልስማማም። መሬቱ የአኝዋክ፣ ውሉ የምኒልክ፣ ቡናው የኢሉባቦርና የወለጋ ገበሬ፣ ሸክሙም የኢትዮጵያዊ ትከሻ ነበር። ከእንግሊዝ የመጣው ባንዲራውና የሒሳቡ መዝገብ ነው። የጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት በበላው ጊዜ አገር ሁሉ ደነገጠ፤ ታድሶም ዳግመኛ እንግዳ ተቀበለ። በባሮ ዳር ያለ ግድግዳ ግን እሳትም አያስፈልገው፤ ዝናብና ቸልታ ይበቁታል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእጅ አለ። ቤቶቹን ለክቶ መመዝገብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚቸኩለው ሌላ ነው። በ1949 ዓ.ም. በአሥር ዓመቱ መርከብ ሲራገፍ ያየ ልጅ ዛሬ ወደ ሰማንያ ተጠግቷል። የትኛው ቤት የማን መጋዘን፣ የትኛው ማደሪያ እንደነበረ በጣቱ የሚያሳይ እርሱ ነውና፣ ለካዮቹ ሜትር ይዘው ወደ ወንዙ ሳይወርዱ በፊት ደጁን ያንኳኩ።