በርበሬና ቪታሚን ሲ

በርበሬ ለጤና ይበጃል የሚለው አባባል በየማእድ ቤቱ የቆየ ነው። ሳይንስ በከፊል የተቀበለው ግን በሃንጋሪ አገር፣ በበርበሬዋ በታወቀችው በሴጌድ ከተማ ነው።

ፕሮፌሰር አልበርት ሴንት ጆርጂ እ.ኤ.አ. በ1928 ከከብት አድሬናል እጢ አንድ አሲድ ለይተው አወጡ። ይህም ድድ እያደማ መርከበኞችን ሲፈጅ የኖረውን ስከርቪ የሚከላከለው ቪታሚን ሲ መሆኑ በ1932 ቢረጋገጥም፣ ከእጢ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ስለ ነበር ምርምሩ ተገታ። እሳቸው ራሳቸው እንደ ተረኩት፣ አንድ ምሽት ባለቤታቸው እሸት በርበሬ ለራት አቀረቡላቸው። መብላቱን አልወደዱም፤ እምቢ ማለቱንም አልደፈሩም፤ ስለዚህ ምርመራን ምክንያት አድርገው ወደ ቤተ ሙከራ ይዘውት ሄዱ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቪታሚኑ በኪሎ የሚመዘን ሆነ። በ1937 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የተመረመረው ግን እሸቱ ነበር። ቪታሚን ሲን ሙቀትና አየር ያጠፉታል። በኢትዮጵያ በፀሐይ ደርቆ፣ ተደልዞና ተፈጭቶ በድስት ከሚቁላላው በርበሬ ያንኑ ጥቅም እንዲጠብቅ ሕመምተኛን የሚመክር ባለሙያ ይሳሳታል። ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ካሮቲን ድርቀቱን የተሻለ ይቋቋማል፤ በስብ የሚሟሟ በመሆኑም የቁሌቱ ቅቤ ከሰውነት ጋር እንዲዋሐድ ይረዳዋል።