ሰባራ ድልድይን ባሉበት ሆኖ ማየት

ከሞጣ ከተማ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ በአፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት እንደተሠራ ከሚነገርለት ሰባራ ድልድይ ይደርሳል። የጎጃምንና የጎንደርን ሕዝብ ሲያገናኝ የኖረው ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ወቅት መካከሉ በመሰበሩ፣ ተሻጋሪዎች ወገባቸውን በገመድ ታስረው በሁለቱም ማዶ በቆሙ ሰዎች እየተጎተቱ ክፍተቱን ያልፉ ነበር።

ይህን ትዕይንት የሚያሳይ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ በ2000 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ምስሉን የተመለከቱት አሜሪካዊው የግንባታ ባለሙያ ኬን ፍራንዝ ድልድዩን ለማስጠገን ተነሣሥተው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተሰኘውን ግብረ ሠናይ ድርጅት አቋቋሙ። ክፍተቱ እ.ኤ.አ በ2002 በብረት ተገጠመ። ብረቱን ጎርፍ በመውሰዱም በ2009 ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። በወረቀት ላይ የታየ አንድ ምስል ይህን ያህል ከሠራ፣ ተመልካቹን ከገደሉ አፋፍ ያቆመ ያህል የሚያደርገው ምናባዊ እውነታ፣ በተለምዶ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለው ቴክኖሎጂ፣ ብዙ ሊሠራ ይችላል።

መሣሪያው እንደ መነጽር ዓይን ላይ ይጠለቃል። ለሁለቱ ዓይኖች በጥቂቱ የተለያየ ምስል ስለሚያቀርብ አእምሮ ርቀትንና ጥልቀትን ይረዳል፤ ተመልካቹ አንገቱን ሲያዞርም ትዕይንቱ አብሮ ይዞራል። ምስሉ ከአንገት እንቅስቃሴ ከዘገየ ግን ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ አይቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ በ1968 ያሳዩት ቀዳሚ መሣሪያ ከጣሪያ ጋር የተያያዘ ነበር። ዛሬ ተማሪ በአንድ እጁ ያነሣዋል።

በአገራችን በ1997 ዓ.ም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት፣ በተማሪው አነጋገር "ፕላዝማ"፣ ሩቁን ዓለም ወደ ክፍል ያስገባ ሙከራ ነበር። ይሁንና የመስኮቱ መምህር ጥያቄ አይቀበልም፣ ለዘገየም አይጠብቅም። በምናባዊ እውነታ ግን የሚያየውን የሚመርጠው ተማሪው ራሱ ነው፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም።

የቢቸና ተማሪ ፓሪስንና ቤጂንግን ከማየቱ በፊት በዚያው በምሥራቅ ጎጃም ያለውን ሰባራ ድልድይ ቢያይ፣ የሞጣው ደግሞ በቢቸና አካባቢ የሚገኘውን የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ቢጎበኝ መልካም ነው። ሥራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ጨረር ለክቶ በኮምፒውተር የሚዞሩባቸው ምስሎች አድርጓቸዋል። ሰባራ ድልድይን በዚሁ መንገድ ለመቅረጽ መሣሪያውን በሁለቱም ማዶ ማቆም ያስፈልጋል፤ ለዚህም ዓባይ የሚጎድልበት የበጋ ወራት ይመረጣል።